የሰብል ስር፦ አሠራሩና በማሳ ላይ የሚሰጠው ምልክት

ስር ተክሉን መሬት አስይዞ ያቆማል፤ ውኃና በውኃ የሟሙ ንጥረ ነገሮችን ይስባል፤ በካሮትና በስኳር ድንች ደግሞ ምግብ ያከማቻል። ድንች ከዚህ ወገን አይደለም፤ የሚበላው ክፍል አፈር ውስጥ ያበጠ ግንድ ነው።

የስር ጫፍ አፈሩን እየሰረሰረ ሲያልፍ እንዳይቧጠጥ በቆብ ተሸፍኗል። ከቆቡ ኋላ ስሩን የሚያስረዝሙ አዳዲስ ህዋሳት ይፈጠራሉ፤ ከዚያ ከፍ ብሎ የስር ፀጉሮች ይበቅላሉ። ውኃና ማዕድን በብዛት የሚገባው በእነዚህ በኩል ነው። ፀጉሮቹ በቀላሉ ይበጠሳሉ። ተዛውሮ የተተከለ የቲማቲም ወይም የበርበሬ ችግኝ ውኃ እያለው የሚጠወልገውም በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ መደቡን አስቀድሞ ማጠጣት፣ ችግኙን ከነአፈሩ ማንሳትና አመሻሽ ላይ መትከል ይመረጣል።

ጤፍ፣ ስንዴና ገብስ ከግንዳቸው ግርጌ የሚበተኑ ብዙ ቀጫጭን ስሮች ሲኖሯቸው፣ ባቄላ፣ ሽምብራና ቡና ቁልቁል የሚወርድ ዋና ስር አላቸው። ሽምብራ በክረምት ማብቂያ በዋልካ ላይ ተዘርቶ ያለ ዝናብ የሚያፈራው ይህ ስር ከታች የቀረውን እርጥበት እየተከተለ ስለሚወርድ ነው።

ስርም አየር ይፈልጋል። ውኃ በተኛበት ማሳ ስሩ ታፍኖ ይበሰብሳል፣ ቅጠሉም ቢጫ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ይህ የማዳበሪያ እጥረት ይመስልና ዩሪያ ይጨመርበታል፤ ገንዘብ ማባከን ነው። መፍትሔው ማጠንፈፊያ ቦይ ወይም ከፍ ያለ ሰፊ መደብ ነው። በአሲዳማ አፈር ደግሞ የሟሟ አሉሚኒየም የስሩን ጫፍ ስለሚጎዳ ስሩ አጭር፣ ወፍራምና ቅርንጫፍ የጎደለው ይሆናል። እንዲህ ባለ ማሳ በአፈር ምርመራ የተወሰነ መጠን ያለው ኖራ ከዘር ወቅት ቀደም ብሎ ከአፈሩ ጋር ይደባለቃል። ወደ ታች ሲወርድ ቆይቶ በድንገት ወደ ጎን የታጠፈ ስር ማረሻው ከሚደርስበት በታች የጠጠረ ንጣፍ መኖሩን ይጠቁማል።

በባቄላ፣ በምስርና በሽምብራ ስር ላይ የሚታዩት ትናንሽ እባጮች በሽታ አይደሉም። ውስጣቸው የሚኖረው ራይዞቢየም የተባለ ባክቴሪያ የአየሩን ናይትሮጅን ተክሉ ወደሚጠቀምበት መልክ ይለውጣል። እባጩ ሲሰነጠቅ ውስጡ ሮዝ ወይም ቀይ ከሆነ በሥራ ላይ ነው፤ አረንጓዴ ወይም ግራጫ ከሆነ ግን ሥራውን አቁሟል። በቲማቲም ስር ላይ የሚታይ እብጠት ግን ሌላ ነው፤ ኔማቶድ የተባለ ዓይን የማያየው ትል ያመጣዋል። የባቄላው እባጭ ስሩ ጎን ላይ የተለጠፈ በመሆኑ በጣት ይላቀቃል፤ በኔማቶድ የተጠቃው ግን ስሩ ራሱ ያበጠ ነውና አይላቀቅም።

ሰብል ሲቀጭጭ ወይም ቢጫ ሲሆን፣ ማዳበሪያ ከመጨመሩ በፊት ከማሳው የተለያዩ ቦታዎች ጥቂት ተክሎችን በአካፋ ከነአፈራቸው አንስቶ፣ ስራቸውን በውኃ አጥቦ ማየትና ለልማት ጣቢያ ባለሙያ ማሳየት ያስፈልጋል።