ስለ ወጣት እናቶች ትምህርት

ትምህርቷን ሳትፈጽም የወለደች ልጅ ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ይጠብቃታል፤ አንደኛው ልጇን ማሳደግ፤ ሁለተኛው ራሷ ማደግ ነው። ብዙ ሰዎች የመጀመሪያውን ብቻ ተመልክተው ሁለተኛውን ይረሳሉ። ነገሩን በሚገባ ለመረዳት፤ በደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ በጁባ፤ በስተ ምዕራብ የሚገኘውን የጉዴሌን ሰፈር ማሰብ ይጠቅማል።

ደቡብ ሱዳን በ2011 እ.ኤ.አ. ነጻ መንግሥት ከመሆኗ አስቀድሞ፤ በ2008 የሕፃናት ሕግ ወጥቶ ነበር። ይህም ሕግ ማንኛይቱም ልጃገረድ በመፅነሷ ምክንያት ከትምህርት ቤት እንዳትባረር፤ የወለደችውም አንድ ዓመት ካጠባች በኋላ ትምህርቷን እንዳትቀጥል ማንም እንዳያግዳት ይደነግጋል።

ይሁን እንጂ ሕጉ ልጅቱን እጇን ይዞ ወደ ክፍል አያስገባትም። በማጥባቱ ዓመት ሦስት ነገሮች ይጠብቋታል። አንደኛ፤ እናቷ ገበያ የምትውል ከሆነች ሕፃኑን የሚይዝላት ታጣለች። ሁለተኛ፤ ከታናናሾቿ ጋር አንድ ክፍል መቀመጥ ያሳፍራታል። ሦስተኛ፤ ዘመዶቿ ስለ ጥሎሽ ከብት መነጋገር ይጀምራሉ፤ ከተዳረችም በኋላ የመመለሷ ነገር እጅግ ያጠራጥራል። እንዲህ ሆኖ አንዱ ዓመት ሁለት፤ ሁለቱም ዕድሜ ልክ ይሆናል።

የሚረዳ ነገር ግን ጨርሶ አልጠፋም። በዚያው አገር የትምህርት ዕድሜያቸው ላለፈ ሰዎች የ8 ዓመቱን የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በ4 ዓመት የሚያስጨርስ የተፋጠነ ትምህርት ተደራጅቷል። በ2013 በብሪታንያ መንግሥት ርዳታ በተጀመረው ሥራም ለሴቶች ተማሪዎች የገንዘብ ድጎማ ተሰጥቷል። ከሌሎች አገሮችም ኬንያ በ1994 የወለዱ ተማሪዎች እንዲመለሱ ፈቅዳለች፤ ሴራሊዮን በ2020፤ ታንዛኒያም በ2021 የነበረባቸውን ክልከላ አንሥተዋል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት፤ የማጥባቱ ዓመት ያለ ጠባቂ መታለፍ የሌለበት መሆኑ ነው። የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር የልጅቱን ስም ከመዝገብ ሳይፍቅ የምትመለስበትን ቀን ይጻፍ፤ ቀኑም ሲደርስ ወደ ቤቷ መልእክተኛ ይላክ። በተመለሰችም ጊዜ የማጥቢያ ሰዓትና ሰዋራ ክፍል ይስጣት። አያት ወይም አክስት ሕፃኑን በመያዝ ይርዷት። የሰፈሩም ሹም 18 ዓመት ያልሞላት ልጅ የጋብቻ ነገር ሲቀርብለት፤ ከብቱን ከመቁጠር አስቀድሞ ስለ ትምህርቷ ይጠይቅ። ፊደል የቈጠረች እናት የልጇን የክትባት ካርድ ራሷ አንብባ ቀኑን ትጠብቃለችና፤ ለእርስዋ የተደረገው ርዳታ ለሁለት ሰዎች የተደረገ ነው።