ትምህርት ዐሥራ ሁለት፦ ደገኛ ወደ ቆላ ሲወርድ

(ምንባብ፤ ጊዜን የሚያመለክቱ ጥገኛ ሐረጎች፤ የምክር ደብዳቤ አጻጻፍ)

ሀ. ከማንበባችሁ በፊት

በሚከተሉት ጥያቄዎች ላይ በክፍል ውስጥ ተወያዩ።

1. በምትኖሩበት አካባቢ ወባ በየትኞቹ ወራት ይበረታል? ምክንያቱስ ምን ይመስላችኋል?
2. ከቤተሰባችሁ ወይም ከጎረቤታችሁ ለሥራ ወደ ቆላ ወርዶ የተመለሰ ሰው አለ? ሲሄድ ምን ይዞ ሄደ? ምንስ ምክር ተሰጠው?

ለ. ምንባብ

ባሕር ተሻግሮ ወደ ሞቃት አገር የሚጓዝ ሰው ከመነሣቱ በፊት ብዙ ነገር ይጠይቃል። የሚጠጣውን ውሃ፣ የሚተኛበትን ስፍራ፣ የሚይዘውን መድኃኒት አስቀድሞ ያስባል። እንዲህ ያለው ጥንቃቄ ግን ለውጭ አገር ሰው ብቻ የሚያስፈልግ አይደለም። ሰው በገዛ አገሩም እንግዳ የሚሆንበት መንገድ አለ። ከዱርቤቴ፣ ከቡሬ ወይም ከፍኖተ ሰላም ገጠር ተነሥቶ ወደ መተማና ወደ ሁመራ የሚወርድ ወጣት የሚናገረው ቋንቋ አይቸግረውም፤ እርሻውም የለመደው ሥራ ነው። ለአየሩና ለበሽታው ግን እንግዳ ነው።

ከደጋውና ከወይና ደጋው ብዙ ሰዎች በሐምሌና በነሐሴ ለአረም፣ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ቆላው እርሻ ይወርዳሉ። የአጨዳው ወቅት ከወባው ወቅት ጋር መገጣጠሙ ክፉ አጋጣሚ ነው። ክረምቱ ሲያበቃ ውሃ በየጉድጓዱ ይቋጥራል፤ ሙቀቱም ይጨምራል፤ የወባ ትንኝ በረጋ ውሃ ላይ እንቁላል ትጥላለች። ስለዚህ በአገራችን ወባ ከሁሉ ይልቅ የሚበረታው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ነው።

ወባን ከሰው ወደ ሰው የምታስተላልፈው ሴቷ ትንኝ ናት። እ.ኤ.አ. በ1897 በህንድ አገር የወባን ተሐዋሲ በትንኝ አካል ውስጥ በምርምር ያገኘው ብሪታንያዊው ሐኪም ሮናልድ ሮስ ነው። ትንኟ በአብዛኛው ከምሽት እስከ ንጋት ትናከሳለች። በአካሏ ውስጥ ያለው የወባ ተሐዋሲ እንዲያድግ ሙቀት ያስፈልገዋል። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ባለ ስፍራ ወባ እየቀነሰ የሚሄደው ስለዚህ ነው። ነገር ግን ይህ መጠን በድንጋይ የተተከለ ወሰን አይደለም። በ1950 ዓ.ም. ክረምት ተነሥቶ እስከ 1951 ዓ.ም. ታኅሣሥ የዘለቀው ወረርሽኝ ወባ እምብዛም ወደማይታወቅበት ከፍተኛ ስፍራ ወጥቶ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ታመመና 150,000 ያህል እንደ ሞተ ተገምቷል። ብዙ ሕዝብ ያለቀበት ምክንያት ግልጽ ነው። የደጋ ሰው ሰውነት ወባን አልለመደም፤ በሽታውን የመቋቋም ኀይል አላከማቸም። ያን ጊዜ ወባው ወደ ደገኛው ወጣ፤ ዛሬ ቆላ የሚወርደው ወጣት ግን ራሱ ወደ ወባው ይሄዳል።

በመተማና በሁመራ ቆላ ሌላም በሽታ አለ፤ ካላ አዛር ይባላል። የሚያስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ነው። ይህ ዝንብ ከትንኝ ያነሰ ሲሆን በዋልካ መሬት ስንጥቅ ውስጥና በግራር ዛፎች አካባቢ ይኖራል። የቀን ሠራተኛ ሙቀቱን ሸሽቶ ከግራር ሥር በሚተኛበት ሌሊት ይነከሳል። በሽታው ከሁለት ሳምንት በላይ የሚቆይ ትኩሳት፣ ክሳትና የጣፊያ ማበጥ ያመጣል፤ ካልታከመም ይገድላል። ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ በሚገኘው በሊቦ ከምከም ወረዳ ሰዎች እንዲህ ባለ ትኩሳት ሲሞቱ በመጀመሪያ ወባ መስሎ ታየ። ካላ አዛር መሆኑ የተረጋገጠው በ1997 ዓ.ም. ነው። በሽታው ወደ ወረዳው የገባው ለሥራ ወደ ቆላ ወርደው በተመለሱ ሰዎች አማካይነት ሳይሆን እንደማይቀር ይታመናል። እንግዲህ ሐኪም በሽታን ለይቶ እንዲያውቅ የትኩሳቱ መኖር ብቻ አይበቃውም፤ በሽተኛው የት ነበር? ከመቼ ጀምሮ ታመመ? የሚለውንም ማወቅ ይኖርበታል።

ምሳሌ የሚሆን አንድ ታሪክ እንመልከት። በዱርቤቴ አቅራቢያ የሚኖር አንድ ወጣት ከአጨዳ ተመልሶ ቤቱ ገባ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ያንዘፈዝፈው ጀመር። «ብርድ መትቶኝ ነው» አለና ተኛ። ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ቀመሰ፤ አልተሻለውም። በሦስተኛው ቀን መናገር ሲያቅተው ጎረቤቶቹ በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዱት። የሕክምና ባለሙያው «ምን ሆነ?» ብሎ ጠየቀ። ከተሸካሚዎቹ አንዱ «አሞት ነው» አለ፤ ሌላው «ድንገት ወደቀ» አለ፤ ሦስተኛው «ራሱን ያመው ነበር» አለ። ሁሉም እውነት ተናገሩ፤ ነገር ግን አንዳቸውም የሚጠቅም ነገር አልተናገሩም።

በዚህ ጊዜ ማንበብና መጻፍ የማያውቁት እናቱ ወደ ፊት ቀረቡ። «ልጄ ከመተማ የገባው በኅዳር ሚካኤል ማግሥት ነው። ከገባ በኋላ ሰባት ቀን ደኅና ሆኖ ሰነበተ። በኅዳር ጽዮን ዕለት ከብቶቹን ሳያስገባ አንዘፈዘፈው። ያን ዕለት ከተኛ እህል አልቀመሰም። ዛሬ ተክለ ሃይማኖት ነው፤ ጧት ስጠራው አላወቀኝም» አሉ።

ባለሙያው ወዲያው ከወጣቱ ጣት ጥቂት ደም ወስዶ መረመረ፤ ወባ ሆኖ ተገኘ። የተለመደው በሽታ ሳይሆን ወደ አንጎል የሚደርሰው ብርቱ ዓይነት መሆኑንም ተረዳ፤ በመርፌ የሚሰጠውን መድኃኒት ጀመረለት። ወጣቱ ነፍሱ ተረፈች። መድኃኒቱ ያዳነው መሆኑ እርግጥ ነው፤ መድኃኒቱ በጊዜው እንዲደርስ ያደረገው ግን የእናቱ ንግግር ነው። እናቱ ቀኑን በወርኃዊ በዓላት ቈጠሩ፤ ነገሩን በቅደም ተከተል አስረዱ፤ «ከገባ በኋላ»፣ «ሳያስገባ»፣ «ከተኛ»፣ «ስጠራው» እያሉ እያንዳንዱን ድርጊት በጊዜው አኖሩ።

ሐ. የቃላት ፍች

ተሐዋሲ — በዐይን የማይታይ፣ በሽታ የሚያመጣ ጥቃቅን ሕይወት ያለው ነገር
ዋልካ — በዝናብ ጊዜ የሚጨቀይ፣ በበጋ የሚሰነጣጠቅ ጥቁር አፈር
ጣፊያ — በሆድ ውስጥ በግራ በኩል የሚገኝ የሰውነት ክፍል
ቃሬዛ — በሽተኛ የሚሸከሙበት ከእንጨት የሚሠራ አልጋ መሰል ነገር
ወረርሽኝ — በአንድ ጊዜ ብዙ ሰው የሚይዝ በሽታ

መ. የምንባብ ጥያቄዎች

1. ደራሲው ቆላ የወረደውን ደገኛ «እንግዳ» ያለው ስለምንድን ነው?
2. በ1950 እና በ1951 ዓ.ም. የተነሣው ወረርሽኝ በደገኛው ላይ የበረታበትን ምክንያት በራሳችሁ አነጋገር ግለጹ።
3. ካላ አዛር በሊቦ ከምከም በመጀመሪያ ወባ መስሎ የታየው ለምን ይመስላችኋል?
4. «ሁሉም እውነት ተናገሩ፤ ነገር ግን አንዳቸውም የሚጠቅም ነገር አልተናገሩም» የሚለውን ዐረፍተ ነገር አብራሩ።
5. እናትየዋ ባይናገሩ ኖሮ ምን ይደርስ ነበር? ሐሳባችሁን በአንድ አንቀጽ ጻፉ።

ሠ. ሰዋስው፦ ጊዜን የሚያመለክቱ ጥገኛ ሐረጎች

አንድ ድርጊት የተፈጸመበትን ወይም የሚፈጸምበትን ጊዜ ከሌላ ድርጊት ጋር አያይዞ የሚያሳይ ሐረግ ጊዜን አመልካች ጥገኛ ሐረግ ይባላል። ብቻውን ቢነገር ሐሳቡ ስለማይሞላ ዋና ሐረግ ይፈልጋል። ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

1. ከ … በኋላ፦ ከመተማ ከተመለሰ በኋላ ታመመ። (ጥገኛው ድርጊት ይቀድማል።)
2. ከመ … በፊት፦ ከመሄድህ በፊት አጎበር ያዝ። (ዋናው ድርጊት ይቀድማል።)
3. ሳ … ወይም ሳይ …፦ ፀሐይ ሳትጠልቅ አጎበሩን ስቀል። (ይህም «ከመጥለቋ በፊት» ማለት ነው።)
4. ስ … ወይም ሲ …፦ ስጠራው አላወቀኝም። (ሁለቱ ድርጊቶች በአንድ ጊዜ ይገናኛሉ።)
5. እንደ …፦ ትኩሳት እንደ ጀመረህ ሂድ። (በሁለቱ ድርጊቶች መካከል መዘግየት የለም።)
6. እስኪ … ድረስ፦ ውሃውን እስኪፈላ ድረስ ከእሳት አታውርደው። (ዋናው ድርጊት የሚያበቃበትን ያሳያል።)

ልብ በሉ! እነዚህ ሐረጎች ትንንሽ ቢመስሉም የምክርን ፍሬ የሚሸከሙ እነርሱ ናቸው። ቀጥለው የተጻፉትን ጥንድ ዐረፍተ ነገሮች አስተያዩ።

ሀ) ክኒኑን እስኪሻልህ ድረስ ዋጥ።
ለ) ክኒኑን እስኪያልቅ ድረስ ዋጥ።

ልዩነቱ የአንድ ቃል ነው። ዛሬ ለወባ በብዛት የሚታዘዘው ኮአርተም የተባለው መድኃኒት በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከምግብ ጋር፣ ለሦስት ቀን የሚወሰድ ነው። ብዙውን ጊዜ ትኩሳቱ የሚበርደው ክኒኑ ሳያልቅ ነው። በ«ሀ» የተመከረ ሰው ትኩሳቱ እንደ በረደለት መድኃኒቱን ያቋርጣል፤ የቀረውንም «ለሌላ ጊዜ ይሆናል» ብሎ በመሶብ ሥር ያስቀምጣል። ከደሙ ያልጠፋው ተሐዋሲ ግን እንደገና ይራባል። በ«ለ» የተመከረ ሰው መድኃኒቱን ይጨርሳል። ሁለቱም መካሪዎች ወዳጆች ናቸው፤ ሁለቱም በቅን ልብ ጽፈዋል፤ የጠቀመው ግን አንዱ ብቻ ነው።

ሐ) ትኩሳቱ ሲጠናብህ ወደ ጤና ጣቢያ ሂድ።
መ) ትኩሳቱ እንደ ጀመረህ ወደ ጤና ጣቢያ ሂድ።

ወባ በተያዘ ሰው ላይ ትኩሳቱ በጀመረ በ24 ሰዓት ውስጥ ሕክምና መጀመር አለበት። ብርቱው ዓይነት በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ሊገድል ይችላልና። የ«ሐ» ምክር በሽተኛውን በቃሬዛ ያስመጣዋል፤ የ«መ» ምክር ግን በእግሩ ያስመጣዋል።

ረ. ድርሰት፦ የምክር ደብዳቤ

የምክር ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ሦስት ነገር ሊያሟላ ይገባዋል። አንደኛ፣ የሚደረገውንና የማይደረገውን በግልጽ ያዛል። ሁለተኛ፣ መቼ እንደሚደረግ ይናገራል። ሦስተኛ፣ ምክንያቱን ይሰጣል። ምክንያቱን ያላወቀ ሰው መካሪው በሌለበት ምክሩን ይተዋልና። ቀጥሎ ያለውን ምሳሌ አንብቡ።

ገንዳ ውኃ
ነሐሴ 20 ቀን … ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፤

እንደምን ሰንብተሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ለሰሊጥ አጨዳ ልትወርድ ማሰብህን ሰማሁ። «አትምጣ» ብልህ የቤታችንን ችግር የማላውቅ እመስላለሁ፤ «ዝም ብለህ ና» ብልህም ወንድምነቴ አይፈቅድልኝም። ስለዚህ ቃሌን አድምጠኝ።

ከመነሣትህ በፊት ጤና ኬላ ሄደህ ስለ አጎበር ጠይቅ፤ አጎበር ሳትይዝ መኪና አትሳፈር። እዚህ ከደረስክ በኋላ ሁልጊዜ ፀሐይ ሳትጠልቅ አጎበርህን ስቀል። ሙቀቱ ሲበረታ ከአጎበር ወጥተህ ከግራር ሥር መተኛት ያምርሃል፤ እኔንም አምሮኝ ነበር፤ ነገር ግን የአሸዋው ዝንብ ያለው እዚያ ነውና አታድርገው።

የኩሬ ውሃ አትጠጣ። ሌላ ካጣህ እስኪፈላ ድረስ አፍላው፤ ከበረደ በኋላ ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጠው። ተቅማጥ እንደ ጀመረህ በአንድ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጠህ ቶሎ ቶሎ ጠጣ፤ ተቅማጥ የሚገድለው ውሃ በመጨረስ ነውና።

ትኩሳት እንደ ጀመረህ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂድ። «የቀን ክፍያዬ ይቀርብኛል» ብለህ አትቆይ፤ የሚቀርብህ የአንድ ቀን ገንዘብ ነው፤ ብትቆይ ግን የሚቀርብህ ሌላ ነው። የሚሰጡህን ክኒን እስኪያልቅ ድረስ ዋጥ።

አገር ቤት ስትመለስ የተነሣህበትንና የገባህበትን ቀን በወረቀት ጻፍ። ከገባህ በኋላ በሳምንትም ሆነ በወር ቢያምህ «ከቆላ ነው የመጣሁት» ብለህ አስቀድመህ ተናገር። አንደኛው የወባ ዓይነት በጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ያገረሻል። ይህን መናገር አያሳፍርም።

የእናታችንን ጉልበት ሳምልኝ።

ታላቅ ወንድምህ

ሰ. መልመጃ

1. ከላይ በተጻፈው ደብዳቤ ውስጥ ያሉትን ጊዜን አመልካች ጥገኛ ሐረጎች ለይታችሁ በደብተራችሁ ላይ አውጡ። እያንዳንዱ ከስድስቱ ዓይነቶች የትኛው እንደ ሆነ አመልክቱ።

2. የሚከተሉት ምክሮች ጊዜያቸው የተሳሳተ ነው። ሐረጉን ብቻ ለውጣችሁ አስተካክሉ፤ የለወጣችሁበትንም ምክንያት ጻፉ።
ሀ) እንቅልፍ ሲጥልህ አጎበር ስቀል።
ለ) ውሃውን ለብ እስኪል ድረስ አሙቀህ ጠጣ።
ሐ) ተቅማጡ ካደከመህ በኋላ ጨውና ስኳር በጥብጠህ ጠጣ።
መ) ከየት እንደ መጣህ ሐኪሙ ሲጠይቅህ ብቻ ንገረው።

3. ጓደኛችሁ በድንገት ታሞ መናገር ቢያቅተውና ወደ ጤና ጣቢያ ብትወስዱት ለባለሙያው የምትነግሩትን ከስድስት በማያንሱ ዐረፍተ ነገሮች ጻፉ። ድርጊቶቹ በቅደም ተከተል ይነገሩ፤ ቢያንስ አራት ጊዜን አመልካች ሐረግ ይኑርበት።

4. ከዘመዶቻችሁ ለሥራ ወደ ቆላ ለሚወርድ ለአንዱ የምክር ደብዳቤ ጻፉ። ጽፋችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር «ምን? መቼ? ለምን?» እያላችሁ መርምሩ። መልስ የማይሰጠውን ዐረፍተ ነገር አርሙ። በእርግጥ የሚሄድ ሰው ካላችሁ ደብዳቤውን በደብተር አታስቀሩት፤ ሳይሄድ ስጡት፤ ማንበብ የማይችል ከሆነም አንብቡለት።