በሞተር ሳይክል ላይ የሚታሰር ድምፅ ማጉያ

በድሮ ጊዜ አዋጅ የሚነገረው በገበያ ቀን ነበር። ነጋሪት ይጎሰማል፤ ሕዝቡ ይሰበሰባል፤ ነጋሪው ከፍ ካለ ቦታ ቆሞ ይናገራል። መንግሥት ሕግ የሚያወጣበት ጋዜጣም በ1934 ዓ.ም. «ነጋሪት ጋዜጣ» ተብሎ የተሰየመው ከዚሁ የተነሣ ነው። ዛሬ የክትባት ቀን ሲደርስ፣ ማዳበሪያ ሲመጣ ወይም ስብሰባ ሲጠራ መልእክቱን በድምፅ ማጉያ ማሰማት ይቻላል። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ አገሩ ገደልና ሸለቆ ስለ ሆነ፣ መኪና በማይገባበት ሁሉ የሚገባው ሞተር ሳይክል፣ ብዙዎቻችን ዶቅዶቄ የምንለው፣ ለዚህ ሥራ ይመቻል።

እንግዲህ ዕቃው እንዴት ይመረጣል? እንዴትስ ይታሰራል?

ዕቃው ሁለት ነው። አንደኛው አምፕሊፋየር ነው፤ ትንሹን ድምፅ በኤሌክትሪክ ኃይል የሚያጎላ ሣጥን ማለት ነው። ሁለተኛው ድምፁን ወደ ውጭ የሚያወጣው እስፒከር ነው።

ገዢ ሱቅ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው በካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ቁጥር ነው። «500 ዋት» ይላል፤ አንዳንዱም «1000 ዋት» ይላል። ይህን ቁጥር ዝም ብላችሁ አትመኑ። ዋት ምን እንደ ሆነ የውሃ ወፍጮን እያሰባችሁ ተመልከቱ። ወፍጮው በኃይል የሚዞረው ውሃው ከከፍታ ሲወርድና ብዛትም ሲኖረው ነው። በኤሌክትሪክ ከፍታው ቮልት ይባላል፤ ብዛቱ አምፔር ይባላል። ሁለቱ ሲባዙ የሚገኘው ኃይል ዋት ነው።

አሁን አምፕሊፋየሩን ገልብጡና ጀርባውን አንብቡ። እዚያ ፊውዝ አለ፤ በላዩም ቁጥር ተጽፏል። 5 አምፔር የሚል ቢሆን፣ የሞተሩ ባትሪ 12 ቮልት ነውና 12 ሲባዛ በ5፣ 60 ዋት ይሆናል። ከባትሪው ከ60 ዋት ብዙ አልፎ የማይወስድ ዕቃ 500 ዋት ድምፅ ከየት ያመጣል? ከአንድ ቁና ጤፍ አምስት ቁና ዱቄት አይወጣም። ከ60ውም ቢሆን ከፊሉ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። ስለዚህ ለትልቁ ቁጥር ብሎ ብዙ ብር የሚከፍል ሰው የከፈለው ለካርቶኑ ነው።

ደግሞም ብዙ ዋት አያስፈልግም። ለንግግር የሚሻለው እንደ ጥሩምባ አፉ የሰፋው እስፒከር ነው። ጥሩምባው በአንድ ዋት የሚያወጣው ድምፅ ከተራው ሣጥን እስፒከር በ10 ዴሲቤል አልፎም ይበልጣል። 10 ዴሲቤል ማለት የ10 እጥፍ ዋት ልዩነት ነው። ስለዚህ 15 ዋት የሚሰጠው ጥሩምባ 150 ዋት ከሚሰጠው ሣጥን ጋር ይተካከላል። ለዘፈን ሣጥኑ ይጥማል፤ ለአዋጅ ግን ጥሩምባው ነው።

በእስፒከሩ ጀርባ «4 ኦም» ወይም «8 ኦም» የሚል ጽሑፍ ታገኛላችሁ። ኦም የቦዩ ጥበት ነው እንበል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቦዩ ይሰፋል፤ ብዙ ኤሌክትሪክም ያልፋል። አምፕሊፋየሩ 4 ኦም የሚል ከሆነ 4 ወይም 8 ኦም እስፒከር ይችላል። ነገር ግን ሁለት ባለ 4 ኦም እስፒከር ጎን ለጎን አንድ ላይ ቢታሰሩ 2 ኦም ይሆናሉ፤ አምፕሊፋየሩም ግሎ ሊቃጠል ይችላል።

ሞተሩ ራሱስ ምን ያህል ይችላል? አንዳንድ አሮጌ ሞተሮች ባትሪያቸው 6 ቮልት ነው፤ ለእነዚያ የ12 ቮልት ዕቃ አትግዙ። የትንሽ ሞተር ባትሪ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 9 አምፔር ሰዓት ይይዛል። 6 አምፔር ሰዓት ያለው ባትሪ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ በየሰዓቱ 3 አምፔር ቢወሰድበት በ2 ሰዓት ባዶ ይሆናል። ባትሪው ካረጀ ደግሞ ከዚያ ይቀድማል። ወደ በሽሎ ቆላ ወርዶ ያለ ጥሪት የቀረ፣ በቁልፍ ብቻ የሚነሣ ሞተር በሰው ጉልበት ወደ ደጋ አይወጣም። ስለዚህ ከግማሽ በላይ አትጠቀሙ፤ ረዥም ንግግር ከሆነ ሞተሩን አስነሡት።

አሁን ወደ ማሰሩ እንምጣ። አደጋ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ሽቦው የሚያልፈው በቤንዚኑ ታንክ ሥር ነውና።

አስቀድማችሁ የባትሪውን ኔጌቲቭ (–) ፍቱ። ከፖዘቲቩ (+) ቀይ ሽቦ ይነሣል። ይህ ሽቦ ከባትሪው አንድ ስንዝር ሳይርቅ ፊውዝ ውስጥ መግባት አለበት። በአምፕሊፋየሩ ጀርባ ፊውዝ አለ ብላችሁ ይህን አትተዉ። የጀርባው ፊውዝ የሚጠብቀው አምፕሊፋየሩን ነው። ሽቦው መሐል ላይ ተልጦ ብረት ቢነካስ? ኤሌክትሪኩ ጀርባው ፊውዝ ዘንድ ሳይደርስ ይዞራል፤ ሽቦው ይግላል፣ ላስቲኩ ይነዳል። ባትሪው አጠገብ ያለው ፊውዝ ግን ወዲያው ተበጥሶ ያቋርጠዋል። የተበጠሰውን ፊውዝ በሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ወይም በሽቦ የሚተኩ አሉ። ይህ በር ጠባቂን አባርሮ በሩን ክፍት እንደ መተው ነው።

ከፊውዙ ቀጥሎ ማብሪያ ማጥፊያ ይግባ፤ ከዚያ ወደ አምፕሊፋየሩ። ጥቁሩ ሽቦ ከአምፕሊፋየሩ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ ይመለሳል። ሽቦው ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ይሁን፤ ውስጡም ብዙ ቀጫጭን ክር ያለው ይሁን። ባለ አንድ ክሩ ሽቦ በኮረኮንች መንገድ ሲንገጫገጭ ይሰበራል። ከማርሚታው ይራቅ፤ መሪው ወደ ግራና ቀኝ ሲዞር እንዳይወጠርም ተረፍ ያለ ይሁን። ሁሉም ታስሮ ካለቀ በኋላ ኔጌቲቩን በመጨረሻ መልሱ።

ጥሩምባው ከነጂው ጆሮ ርቆ ወደ ውጭ ይዙር። 100 ዴሲቤል የሚደርስ ድምፅ በ15 ደቂቃ ውስጥ ጆሮን መጉዳት ይጀምራል፤ የጥሩምባ አፍ ደግሞ ከዚያም ያልፋል። ማይክሮፎኑ ከጥሩምባው በስተ ኋላ ይያዝ፤ ፊት ለፊቱ ከሆነ ያፏጫል። ነፋስ መውጫን የመሰለ ነፋሻ ቦታ ከሆነ ነፋሱ በሚሄድበት አቅጣጫ ተናገሩ። በገደል ፊት ስትቆሙም ቀስ በሉ። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚሄድ፣ 170 ሜትር የራቀ ገደል የተናገራችሁትን ከአንድ ሰከንድ በኋላ ይመልሰዋል። የገደል ማሚቶው ቀጣዩን ቃል እንዳይውጠው አንድ ዓረፍተ ነገር ተናግሮ ዝም ማለት ነው።

ጥያቄዎች
1. ካርቶኑ 800 ዋት፣ ፊውዙ 10 አምፔር ቢል፣ ዕቃው ከ12 ቮልት ባትሪ ስንት ዋት ይወስዳል?
2. ባትሪው አጠገብ ያለው ፊውዝ የሚጠብቀው ምኑን ነው?
3. 8 አምፔር ሰዓት የያዘ ባትሪ በየሰዓቱ 2 አምፔር ቢወሰድበት፣ ግማሹ የሚያልቀው በስንት ሰዓት ነው?