እምድብር ላይ ሱቅ ለመክፈት፦ ብሩ፣ ዋሱና ወሬው

ትምህርቱን ጨርሶ እምድብር ላይ ሱቅ ልክፈት የሚል ወጣት መጀመሪያ የሚቆጥረው ብሩን ነው። የቤት ኪራይ ስንት ነው? መደርደሪያ ስንት ያወጣል? ለመጀመሪያ ዕቃ ስንት ይበቃኛል? መጠየቁ ደግ ነው፤ ነገር ግን በዚህች ከተማ ብር ብቻውን ሱቅ አያቆምም። ብሩን ሊያበድረኝ የሚችል ሰው ዋስ አምጣ ሲለኝ ማን ይቆምልኛል? የመርካቶ ዋጋ ሲለወጥ ማን ይነግረኛል? ሐዘን ቢደርስብኝ ማን ከጎኔ ይሆናል? ለእነዚህ መልስ ያላገኘ ሱቅ ዕቃ ሞልቶትም ሊዘጋ ይችላል። መልሱ ያለው ደግሞ አባቶችና እናቶች በዘረጉት መረብ ውስጥ ነው፤ ከዚህ በታች የማስረዳው የዚያን መረብ አሠራርና እስካሁን ያልደረሰበትን ቦታ ነው።

የመንገዱ ነገር

እምድብር የቸሃ ወረዳ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ ወልቂጤ ከደረሱ በኋላ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ታጥፈው ጉብሬን፣ ከዚያም አጣጥን ሲያልፉ ያገኟታል። ይህን መንገድ ዛሬ የሚረግጥ ወጣት ከጥንት ጀምሮ የነበረ ሊመስለው ይችላል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም፦ በ1950ዎቹ አጋማሽ አዲስ አበባ የሚኖሩ የጉራጌ ተወላጆች የጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅትን አቋቁመው ከነጋዴው፣ ከሠራተኛውና ከገበሬው ገንዘብ እያዋጡ አገራቸውን በመንገድ ለማገናኘት ተነሡ። ድርጅቱ በኋላ ወደ ጉራጌ ሕዝብ ራስ አገዝ የልማት ድርጅት አድጓል። ከተማ ያለው ሰው ገንዘብና አቤቱታ ይዞ ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት ይሄድ ነበር፤ አገር ቤት ያለው ደግሞ ጉልበቱን ይዞ ይወጣ ነበር።

ይህን ታሪክ ያነሣሁት ለነጋዴ ትልቅ ትምህርት ስላለው ነው። እነዚያ ሰዎች መንገዱን ያሰቡት እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ጭነት ወደ ገበያ ለማድረስ ተቸግረው ነው፤ መፍትሔውን ግን ለየብቻ አልፈለጉም። መተማመኑ ቀድሞ በእቁብና በእድር ተሠርቶ ስለነበር ለመንገድ ማዋጣት አዲስ ነገር አልሆነባቸውም።

የአዲስ አበባው እጅ እንዲህ የረዘመበት ምክንያትም ይታወቃል። በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. የምኒልክ ጦር ቸሃ የሚገኝበትን ሰባት ቤት ጉራጌን ካስገበረ በኋላ ወንዶች ሥራ ፍለጋ በእግራቸው ወደ አዲሲቱ ዋና ከተማ መሄድ ጀመሩ። ጣሊያን በወረራው ዘመን ገበያውን ከአራዳ አንሥቶ ወደ ምዕራብ ሲያዞረውና መርካቶ ሲመሠረት፣ ጉልት ከመቸርቸርና ጫማ ከመጥረግ የተነሡ ብዙዎች ከጊዜ በኋላ እዚያ ባለሱቅና አስመጪ ሆኑ። የእምድብር ንግድ አንዱ እግሩ ዛሬም መርካቶ ላይ ነው።

እቁብ በሒሳብ

እቁብን ሁሉም ያውቀዋል፤ ሒሳቡን ግን ቁጭ ብሎ የሠራው ጥቂት ነው። ሃያ አምስት አባላት ያሉት፣ በሳምንት 1,000 ብር የሚጣልበት እቁብ እንውሰድ። በየሳምንቱ 25,000 ብር ይሰበሰባል፤ እቁቡም በሃያ አምስት ሳምንት፣ ማለት በስድስት ወር ገደማ፣ ይዞራል።

የመጀመሪያው ዕጣ የወጣለት ሰው 1,000 ብር ጥሎ 25,000 ብር ተቀበለ። ቀሪውን 24,000 ብር በሃያ አራት ሳምንት ይከፍላል። ወለድ የለበትም፤ የቤት ካርታም አላስያዘም። ለእርሱ እቁቡ ብድር ነው። የመጨረሻው ባለ ዕጣ ደግሞ በየሳምንቱ ሲጥል ከርሞ በሃያ አምስተኛው ሳምንት ያጠራቀመውን ያነሣል። ለእርሱ እቁቡ ቁጠባ ነው። መሐል ያሉት ከሁለቱም ይቀምሳሉ።

እዚህ ላይ የዋጋ ንረት ይገባል። በእነዚያ ስድስት ወራት ዕቃ በአሥር በመቶ ቢወደድ፣ የመጨረሻው ሰው የሚያነሣው 25,000 ብር የሚገዛው መጀመሪያ ላይ 22,700 ብር ገደማ ይገዛ የነበረውን ዕቃ ነው። ሆኖም መዋጮውን በአንድ ጊዜ ስላልከፈለና ኋላ ኋላ የጣለው ብርም አስቀድሞ የረከሰ ስለሆነ፣ እውነተኛ ጉዳቱ የዚያ ግማሽ ያህል ነው። በ2014 ዓ.ም. የአገሪቱ የዋጋ ግሽበት ከሠላሳ በመቶ በላይ በነበረበት ጊዜ ይህ ልዩነት ቀላል አልነበረም። ስለዚህ ለጀማሪ ነጋዴ የምሰጠው ምክር ግልጽ ነው፦ ረጅም እቁብ ውስጥ አትግባ። ዙሩ አጭር ይሁን፣ መዋጮው የሳምንት ሽያጭህ ሳይጎዳ የሚወጣ ይሁን። ዕቃ በአስቸኳይ የሚያስፈልገው ሰው ቀድሞ ዕጣ ከወጣለት አባል ተስማምቶ ዕጣውን መግዛት ይችላል፤ ሲገዛ ግን የሚጨምረውን ብር እንደ ወለድ ቆጥሮ ከትርፉ ጋር ያስተያየው።

ዋስ፣ ዳኛና ስም

እቁብን የሚያቆመው ዕጣው ሳይሆን ዋሱ ነው። ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ከመውሰዱ በፊት ዋስ ይጠራል፤ ዋሱም ብዙ ጊዜ ገና ዕጣ ያልወጣለት አባል ይሆናል፤ ባለ ዕጣው ቢያቋርጥ ከዋሱ ድርሻ ይያዛልና። ዳኛው ይህን ያያል፣ ጸሐፊው ይመዘግባል፣ የቀረ ሰው ይቀጣል። ጎበዝ ዳኛ አባልን የሚቀበለው የኪሱን ውፍረት አይቶ አይደለም፤ ከየትኛው ቤት እንደመጣ፣ ከዚህ በፊት ምን እንደጣለና በሌላ እቁብ እንዴት እንደጨረሰ ይጠይቃል።

ክርክር ቢነሣ ፍርድ ቤት አለ። ነገር ግን ሰባት ቤት ጉራጌ ከጥንት የመጣ የጆካ ቅጫ የሚባል ባህላዊ ሕግ አለው፤ በሽማግሌ ፊት መቆም ዛሬም ከባድ ነገር ነው። ስሙ የተበላሸ ነጋዴ ቅጣቱ በአንድ እቁብ አያበቃም። ከሁሉም በፊት መርካቶ ያለው አከፋፋይ ዱቤ ይከለክለዋል፤ ወሬው ከእርሱ ቀድሞ እዚያ ይደርሳልና።

ወሬ በምን ይሄዳል

የከተማ ወሬ ስንል የልቅሶና የሠርግ ብቻ ይመስለናል። ለነጋዴ ወሬ ሸቀጥ ነው፤ ቀድሞ የደረሰው ይጠቀማል፣ ዘግይቶ የሰማ ይከስራል። በእምድብር ወሬ የሚሄድባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው። የገበያ ቀን አለ፤ ከየቀበሌው የሚመጣው ገበሬ የእንሰቱን ሁኔታ፣ የከብቱን ዋጋና የመንገዱን ጭቃ ይዞ ይመጣል። የእድር ጥሩምባ አለ። ከተማዋ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የእምድብር ካቶሊክ ሀገረ ስብከት መቀመጫ ስለሆነች ከቅዳሴ በኋላ የሚቆመው ሰው ብዙ ነው። ሾፌርና ረዳት አሉ፤ ደብዳቤና ዕቃ ብቻ ሳይሆን ዋጋም ያመላልሳሉ። የወልቂጤ ኤፍ ኤም 89.2 ሬዲዮ አለ። ከሁሉ በላይ ደግሞ መርካቶ ያለው ዘመድ ስልክ አለ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሪ ለገበያ ሲተው ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እንዲህ ባለ ቀን መርካቶ ወንድም ያለው ባለሱቅ በሰዓታት ውስጥ ይደወልለታል፤ ዕቃውን በአሮጌው ዋጋ ሸጦ ከመጨረሱ በፊት ይነቃል። ዘመድ የሌለው ግን በአሮጌው ዋጋ ሸጦ ብሩን ይዞ አዲስ አበባ ሲደርስ ያን ዕቃ መልሶ መግዛት ያቅተዋል። በሽያጭ ደብተሩ ላይ ትርፍ ይታያል፤ መደርደሪያው ግን ሳስቷል። ይህን ኪሳራ ጀማሪ በቀላሉ አያየውም። ትርፍ ማለት ከሸጡ በኋላ ያንኑ ዕቃ ተክቶ የሚተርፈው ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ወሬ የዝምድናን መስመር ብቻ ተከትሎ መሄዱ ነው። ለሐዘን ሲሆን ጥሩምባው ለሁሉም ይነፋል። የዘይት ዋጋ ሲሆን ግን በአንድ ጆሮ ይቀራል።

ውጆና የገበያዋ ሴቶች

ስለ እምድብር ንግድ የሚጽፍ ሰው ስለ ባለሱቆች ብቻ ጽፎ ቢያቆም ግማሹን ገበያ ትቶታል። ቆጮውን፣ ቡላውን፣ ቅቤውን፣ አይቡን፣ ሚጥሚጣውን ገበያ የሚያወጡት በብዛት ሴቶች ናቸው። እንሰት ከተተከለ በኋላ ለመፋቅ የሚደርሰው ዓመታት ቆይቶ ነው፤ የሚፍቁት ሴቶች፣ የሚቀብሩትና የሚያብላሉትም ሴቶች ናቸው። የትኛው ቆጮ ስንት ጊዜ ጉድጓድ ውስጥ እንደቆየ በጠረኑና በመልኩ ይለያሉ። ይህ የዕቃ ጥራት ምርመራ ነው፤ በየትኛውም የንግድ ትምህርት ቤት ሊያኮራ የሚገባ እውቀት።

የራሳቸውም ማኅበር አላቸው። ውጆ ይባላል። አባላቱ የላማቸውን ምርት በየተራ ለአንዷ ያዋጣሉ፤ ባለተራዋ በአንድ ጊዜ ብዙ ቅቤ ታገኛለች፤ ከፈለገች ለበዓል ታስቀምጣለች፣ ከፈለገች ሸጣ ለልጇ ደብተር ትገዛለች። የአንድ ላም የዕለት ወተት ተንጦ የሚወጣው ቅቤ ትንሽ ነው፤ ሲጠራቀም ግን ገበያ የሚወጣ ይሆናል። የእቁብን ያህል ረቂቅ አሠራር ነው፤ ከብር ይልቅ ቅቤ መዞሩ አንድ ጥቅምም አለው፦ ገበያው ሲወደድ ቅቤውም አብሮ ይወደዳልና የመጨረሻዋ ባለተራ በዋጋ ንረት አትጎዳም።

ነገር ግን ከአዲስ አበባ የሚመጣው የቅቤና የቆጮ ዋጋ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ለሚገዛው ነጋዴ እንጂ ለምትሸጠዋ ሴት አይደለም። ጉራጌ በ19ኛው መቶ ዘመን ለሴቶች የጋብቻና የፍቺ መብት ሽማግሌዎች ፊት ቆማ የተከራከረችውን የቃቄ ወርድወትን የወለደ ሕዝብ ነው። የዘመኑ ክርክር የዋጋ መረጃ ቢሆን አይበዛም። መርካቶና ሾላ ገበያ የዋለውን የቅቤ ዋጋ በገበያ ቀን ጠዋት ጮክ ብሎ የሚናገር አንድ ሰው ብቻ ብዙ ይለውጣል።

መስቀል የሚጠይቀው ዝግጅት

የእምድብር ነጋዴ ዓመት የሚቆጠረው ከመስቀል እስከ መስቀል ነው። መስከረም 17 ሲቃረብ ከአዲስ አበባም ከሌላ አገርም ተወላጁ ወደ ቀዬው ይገባል። በሬው የሚገዛው ዓመቱን ሙሉ በተጠራቀመ ብር ነው፤ ቅቤው ከውጆ ይመጣል፤ የጎመን ክትፎው፣ ክትፎው፣ ቆጮው ሰፊ ዝግጅት ይጠይቃል። ባለሱቁ በነሐሴ ዕቃ ማስገባት ይጀምራል። የጀማሪ ትልቁ ስሕተት በዚህ ጊዜ የተሸጠውን አይቶ ለጥቅምትም ያንኑ ያህል ማዘዝ ነው። ጥቅምት ላይ እንግዳው ሄዷል፣ የቤተሰቡም ኪስ ደርቋል።

ሌላም ነገር አለ። በመስቀል ሰሞን ከከተማ የመጣው ሰው ጀፎረው፣ ማለት የመንደሩ ሰፊ የጋራ መንገድ፣ ላይ ቁጭ ብሎ ይጫወታል፤ ትዳር ይታሰባል፣ ጠብ ይታረቃል፣ የመንደር ሥራ ይመከራል። ዕቃ የሚያከፋፍለውን ሰው በአካል ማግኘት የሚቻልበት ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። ዱቤ የሚለምን ወጣት በሽማግሌ አስተዋዋቂነት ይቅረብ፤ ደብተሩንም ይዞ ይሂድ። ስንት እንደሸጠ፣ ስንት ዱቤ እንዳለበት በጽሑፍ የሚያሳይ ጀማሪ በቃል ከሚምል ይልቅ ይታመናል።

ያልተሠራው ሥራ

ለሐዘን አብረን እንቆማለን፣ ለብር አብረን እንጥላለን፣ ለመንገድ አብረን አዋጥተናል። ዕቃ ለመግዛት ግን አሁንም አምስት ባለሱቆች በአንድ ሳምንት አምስት ጊዜ ትራንስፖርት ከፍለው፣ ያንኑ ሳሙና ከዚያው መርካቶ፣ እያንዳንዳቸው በችርቻሮ ቀመስ ዋጋ ይገዛሉ። ሕጉ አይከለክልም፤ የንግድና የዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤቶችን ለማቋቋም የወጣው አዋጅ ቁጥር 341/1995 ነጋዴዎች በወረዳና በከተማ ደረጃ ሳይቀር እንዲደራጁ ይፈቅዳል። የኅብረት ሥራ ማኅበር መንገድም አለ። እኔ ግን በማኅተምና በቢሮ እንዲጀመር አልመክርም። ማኅተም ቀድሞ መተማመን ቢዘገይ ሊቀ መንበርነቱ ላይ ጠብ ይነሣል።

በእቁብ ይጀመር። በአንድ እቁብ ያሉ አምስት ባለሱቆች ከመዋጮው ሌላ የዕቃ ዝርዝር ይያዙ፤ ማን ስንት ካርቶን እንደሚፈልግ ጸሐፊው ይመዝግብ። አንዱ በተራው ይሂድ፣ በጅምላ ይግዛ፣ ደረሰኙን ለሁሉም ያሳይ። ከቸሃ ባሕር ዛፍ ጭኖ አዲስ አበባ የሚገባ መኪና ባዶውን የሚመለስ ከሆነ የመልስ ጭነት ዋጋው ይረክሳል፤ ሾፌሮቹን ማነጋገር ይገባል። ገንዘብ ቀድሞ ያልከፈለ ሰው ዕቃ አይዘዝለት፤ በዱቤ የተጀመረ የጋራ ግዢ በሁለተኛው ዙር ይፈርሳል። የሚሄደው ሰው የትራንስፖርትና የምሳ ወጪው በአምስቱ ይካፈል፤ ከዚያ ውጭ ግን ትርፍ አይያዝ።

የመጀመሪያው ዝርዝር ሳሙና፣ ጨውና ክብሪት ብቻ ይሁን። አይበላሹም፣ ሁሉም ሱቅ ይሸጣቸዋል፣ ዋጋቸውም እንደ ዘይትና እንደ ስኳር በየሳምንቱ አይዘልም። ዘይቱ አምስቱ ሰዎች አንድ መስቀል አብረው ካለፉ በኋላ ይግባ።