ተክል ዝንብ የሚይዘው ርቦት ነውን?

በማስተማር ልምምድ ላይ ሳለሁ ለአምስተኛ ክፍል ተማሪዎች «ዕፅዋት ምግባቸውን ራሳቸው ያዘጋጃሉ» ብዬ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። አንዲት ልጅ እጇን አወጣችና፣ «ጋሼ፣ ታዲያ ዝንብ የሚበላው ተክልስ?» አለችኝ። «እሱማ ርቦት ነው» ብዬ አለፍኩ። ልጆቹ ሳቁ፤ እኔን ግን ነገሩ ሲከነክነኝ ዋለ። ማታ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ባነብ መልሴ ስሕተት ሆኖ አገኘሁት። ነገ እናንተንም ይገጥማችኋልና ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

ሀ/ የት ይበቅላል?
ልጅቷ የጠየቀችው ተክል ቪነስ ፍላይትራፕ ይባላል። የተፈጥሮ ቦታው በአሜሪካ የሰሜንና የደቡብ ካሮላይና እርጥብ መሬት ነው። አፈሩ አሸዋማና አሲዳማ ሲሆን ናይትሮጂንና ፎስፎረስ በጣም ያንሰዋል። ይህን ያዙልኝ፤ የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው።

ለ/ እንዴት ያጠምዳል?
የቅጠሉ ጫፍ እንደ መጽሐፍ የሚከፈትና የሚዘጋ ሁለት ክፋይ አለው። በእያንዳንዱ ክፋይ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ቀጫጭን ፀጉሮች ይገኛሉ። ዝንብ በጣፋጩ ፈሳሽ ተስባ መጥታ አንዱን ፀጉር ስትነካ የኤሌክትሪክ ምልክት ይፈጠራል፤ ወጥመዱ ግን አይዘጋም። በ20 ሰከንድ ገደማ ውስጥ ሁለተኛ ከነካች ግን ወደ ውጭ ጎብጦ የነበረው ክፋይ በቅጽበት ወደ ውስጥ ይጎብጥና ጥርቅም ይላል። ሁለት ጊዜ መጠበቁ እኮ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ለዝናብ ጠብታና ለገለባ ሁሉ በከንቱ እንዳይዘጋ ይረዳዋል።

ዝንቧ ስትፈራገጥ ፀጉሮቹን ደጋግማ ትነካለች። በዚህ ጊዜ ወጥመዱ ይበልጥ ይጠብቅና የሚያሟሟ ፈሳሽ ያመነጫል። ከ5 እስከ 12 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ለስላሳው አካሏ ይሟሟል፤ ከዚያ ወጥመዱ ሲከፈት ደረቅ ቅርፊቷ ብቻ ይቀራል። ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1875 ባሳተመው ስለ ነፍሳት በል ዕፅዋት በሚናገር መጽሐፉ ይህን ተክል በሰፊው ገልጾታል።

ሐ/ ለምን?
ተክሉ አረንጓዴ ነው። ስለዚህ ስኳሩን እንደማንኛውም ተክል ከፀሐይ ብርሃን፣ ከአየርና ከውሃ ይሠራል። ፕሮቲን ለመሥራት ግን ናይትሮጂን ያስፈልገዋል፤ አፈሩ ደግሞ አይሰጠውም። ያንን ከዝንቧ ይወስዳል። ገበሬ ማሳው ላይ ፍግ እንደሚበትን ሁሉ፣ ይህ ተክል ፍጉን ራሱ ያጠምዳል ማለት ነው። ዝንብ እየሰጣችሁ ጨለማ ውስጥ ብታስቀምጡት ይሞታል። ብርሃን ካገኘ ግን ያለ ዝንብም ይኖራል፤ እድገቱ ብቻ ይቀጭጫል።

በማግስቱ ክፍል ገብቼ፣ «ትናንት የነገርኳችሁ ስሕተት ነው» ብዬ ጀመርኩ። መጀመሪያ አፍሬ ነበር፤ ልጆቹ ግን ከወትሮው ይልቅ ጸጥ ብለው አዳመጡኝ። ጓደኞቼ፣ ያላወቅነውን «ነገ አጣርቼ እነግራችኋለሁ» ማለት ለመምህር ነውር አይደለም።

እስቲ መልሱ፦
1. ወጥመዱ በአንድ ንክኪ ቢዘጋ ተክሉ ምን ይጎዳል?
2. «ዕፅዋት ምግባቸውን ራሳቸው ያዘጋጃሉ» የሚለው ለዚህ ተክል ይሠራል ወይስ አይሠራም? ለምን?