በቴሌግራም ለሚጠይቅ ተማሪ

ጥያቄ፦ በዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት በማጣቀሻ ክፍል እሠራለሁ። ተማሪዎች በቴሌግራም «ስለ ወባ ጽሑፍ ላክልኝ» እያሉ ይጽፉልኛል። እንዴት ልመልስላቸው?

መልስ፦ ፋይል ለመላክ አይቸኩሉ። «ስለ ወባ» ያለው ተማሪ የሚፈልገው ስለ አጎበር አጠቃቀም ይሆናል፤ ወይም መድኃኒት ስለተላመደው ተሕዋስ። ፊት ለፊት ቢሆን ከሁኔታው ይረዱት ነበር፤ በጽሑፍ ግን መጠየቅ ግድ ነው። «ለየትኛው ኮርስ ነው? እስካሁን ምን አገኘህ?» ይበሉት። ሁለት ጥያቄ ይበቃል፤ አምስት ከደረደሩበት ትቶዎት ይሄዳል። መልሱን ሲልኩለትም በየትኞቹ ቃላት፣ የት ፈልገው እንዳገኙት ይጻፉለት፤ በሚቀጥለው ራሱ እንዲሞክር ያግዘዋል። እኔ ከሁሉም የማስበልጠው ይህንን ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2002 እ.ኤ.አ. ያስጀመረው፣ የጤና ጥናቶችን በኦንላይን የሚያስነብበው ሂናሪ ለጤና ተማሪዎች ትልቅ ሀብት ነው። የይለፍ ቃሉን ግን ግሩፕ ላይ በፍጹም አይለጥፉ፤ ለተቋሙ ብቻ የተሰጠ ስለሆነ አገልግሎቱ ሊቋረጥባችሁ ይችላል።

ለተማሪዎቹ የሚመልሱበት የቴሌግራም አካውንት በግል ስልክ ቁጥርዎ አይከፈት፤ ፈቃድ ሲወጡ ባልደረባዎ እንዲተካዎት። ስለ ኤችአይቪ ወይም ስለ አእምሮ ጤና የሚጠይቅ ተማሪ ካለ ደግሞ በውስጥ መስመር ብቻ ይመልሱለት።