የጐበጠው መስመር ጥቅም፤ ስለ ራዲዮ ሞገዶች መቀላቀል

የራዲዮ መቀበያን ሥዕል ስናጠና «ሚክሰር» ወይም ቀላቃይ የምትባል አንዲት ሣጥን እናገኛለን። ስሟን ሸምድዶ ለፈተና መጻፍ ቀላል ነው፤ ሥራዋን ለታናሽ ወንድም ማስረዳት ግን ሌላ ነገር ነው። እኔም በዚህች አጭር ጽሑፍ ሣጥኒቱን ከፍቼ ለማሳየት እሞክራለሁ። የሚያስፈልገን ሒሳብ መደመርና ማባዛት ብቻ ስለ ሆነ፣ ወላጆቻችንም አብረውን ሊከተሉ ይችላሉ።

በመጀመሪያ፣ ድምፃችን ብቻውን በራዲዮ ሞገድነት ለምን አይላክም? በሴኮንድ 1,000 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ ቢለወጥ፣ ሞገዱ በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ስለሚጓዝ የአንዱ ሞገድ ርዝመት 300 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ደኅና አንቴና የዚህን ሩብ ያህል ቢሆን፣ 75 ኪሎ ሜትር ማለት ነው፤ ይኸውም ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ቢሾፍቱን አልፎ የሚሄድ ሽቦ ነው። ድግግሞሹ በሴኮንድ 1,000,000 ጊዜ ቢሆን ግን የአንቴናው ቁመት 75 ሜትር ብቻ ይበቃዋል። ስለዚህ ቀርፋፋው ድምፅ በፈጣኑ ሞገድ ላይ መጫን አለበት። ፈጣኑ ሞገድ ተሸካሚ ሲባል፣ መጫኑም ሞዱሌሽን ይባላል።

እንግዲህ ዋናው ጥያቄ «እንዴት ይጫናል?» የሚለው ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን ሞገዶች በአንድ ሽቦ ላይ መደመር የሚበቃ ይመስለዋል፤ ነገር ግን አይበቃም። ለምሳሌ ሁለት የክራር ክሮች አንዱ በሴኮንድ 200፣ ሁለተኛው 204 ጊዜ ቢርገበገቡ፣ ድምፁ በሴኮንድ 4 ጊዜ ከፍ ዝቅ ሲል እንሰማለን። ሆኖም በአየሩ ውስጥ ያሉት 200ው እና 204ቱ ብቻ ናቸው፤ በሴኮንድ 4 ጊዜ የሚርገበገብ ሦስተኛ ሞገድ አልተወለደም። መደመር ሁለቱን ያስተቃቅፋል እንጂ አዲስ ነገር አያስገኝም።

አዲስ ነገር የሚወለደው ሞገዶቹ በአንድ የጐበጠ ዕቃ ውስጥ አብረው ሲያልፉ ነው። ሬዚስተር የሚባለው ዕቃ ቀጥተኛ ነው፤ ቮልቴጁን እጥፍ ብናደርገው በውስጡ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ እጥፍ ይሆናል፣ በግራፍ ወረቀት ብንሥለውም ቀጥ ያለ መስመር ይወጣል። የዳዮድና የትራንዚስተር መስመር ግን ይጐብጣል። የሁለቱን ልዩነት በቁጥር እንመልከት።

ቀጥተኛው ዕቃ የገባውን ሁሉ በ2 ያባዛል እንበል። 2 ብቻውን ሲገባ 4 ይወጣል፤ 3 ብቻውን ሲገባ 6 ይወጣል፤ ድምሩ 10 ነው። ሁለቱ አብረው ሲገቡ 5 ይሆኑና ያው 10 ይወጣል፤ ትርፍ የለም። የጐበጠው ዕቃ ደግሞ የገባውን በራሱ ያባዛል እንበል። 2 ሲገባ 4፣ 3 ሲገባ 9፣ ድምሩ 13 ነው። አብረው ሲገቡ ግን 5 በ5 ተባዝቶ 25 ይወጣል! 12 ትርፍ ተገኘ። ይህ 12 ከየት መጣ? 2 ጊዜ 2 ጊዜ 3 ነው። ትርፉ የሁለቱ ብዜት ነው፤ አንዱ ብቻውን ቢገባ ፈጽሞ አይገኝም ነበር።

የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ጓደኞቼ በትሪጎኖሜትሪ እንደምናውቀው፣ የሁለት ኮሳይኖች ብዜት የድምራቸውና የልዩነታቸው ኮሳይኖች ድምር ግማሽ ነው። ስለዚህ ሁለት ሞገዶች ሲባዙ ሁለት አዳዲስ ድግግሞሾች ይወለዳሉ፤ አንዱ የሁለቱ ድምር፣ ሌላው የሁለቱ ልዩነት ነው። የ1,000 ኪሎኸርዝ ተሸካሚ ከ1 ኪሎኸርዝ ድምፅ ጋር ሲባዛ 999 እና 1,001 ኪሎኸርዝ ይሰጣል። በማስተላለፊያ ጣቢያው የሚሆነው ይህ ነው፤ ድምፁም የሚጓዘው በተሸካሚው ግራና ቀኝ ባሉት በእነዚህ ሁለት ጐረቤቶች ላይ ነው።

አሁን ወደ መቀበያው እንምጣ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በካናዳ የተወለደው ሬጂናልድ ፌሰንደን የሁለት ሞገዶችን ልዩነት ለመቀበያ የመጠቀምን ሐሳብ በ1901 አቀረበ። በ1918 ደግሞ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፓሪስ የነበረው አሜሪካዊው መኮንን ኤድዊን አርምስትሮንግ ሐሳቡን ወደ ሙሉ መቀበያ አደረሰው። በፈረንሳይ ሉሲየን ሌቪ፣ በጀርመንም ቫልተር ሾትኪ በዚያው ዘመን ወደ ተመሳሳይ ሐሳብ ደርሰው ነበር። ችግራቸው የዚያን ጊዜ የራዲዮ ቱቦዎች በጣም ፈጣን ሞገዶችን በደንብ ማጉላት አለመቻላቸው ነበር። መፍትሔው ፈጣኑን ሞገድ ወደ ዝቅተኛ ድግግሞሽ ማውረድ ሆነ።

አሠራሩም እንዲህ ነው። መቀበያው በውስጡ የራሱን ሞገድ ያመነጫል። 1,000 ኪሎኸርዝ ለመስማት ስንፈልግ የውስጡ ሞገድ 1,455 ይሆናል፤ ሚክሰሩም ሁለቱን ያባዛና ልዩነታቸውን 455 ኪሎኸርዝ ይሰጣል። ወደ 1,200 ስናዞር የውስጡ 1,655 ይሆናል፤ ልዩነቱ አሁንም 455 ነው። ስለዚህ የትኛውም ጣቢያ ቢመረጥ የሚጎላው በአንድ ድግግሞሽ ላይ ስለ ሆነ፣ ያንን አንዱን ክፍል አጣርቶና አስተካክሎ መሥራት ይቻላል። በመጨረሻ ሌላ ዳዮድ እንደገና ጐብጦ ድምፁን ከተሸካሚው ይለየዋል። እንግዲህ ድምፅ ከተናጋሪው ተነሥቶ ጆሯችን እስኪደርስ ሦስት ጊዜ በጐበጠ መስመር ያልፋል ማለት ነው፤ ሲጫን፣ ሲወርድና ሲለይ።

ወላጆቻችን በአጭር ሞገድ ራዲዮ አንድ ጣቢያ በሁለት ቦታ ሲሰማ አስተውለው ይሆናል። ምሥጢሩ ከዚሁ ሒሳብ ይገኛል። በ9,000 ኪሎኸርዝ የሚያስተላልፍ ጣቢያ በቦታው ይሰማል። መርፌውን ወደ 8,090 ብናወርደው የውስጡ ሞገድ 8,545 ይሆናል፤ 9,000 ሲቀነስ 8,545 ያው 455 ነው! የፊተኛው ማጣሪያ ደካማ ከሆነ ጣቢያው እንደ ጥላ እዚያም ይገባል። ስለዚህ ይህ ጥላ የቀላቃዩ የመቀነስ ሥራ ውጤት እንጂ የሁለተኛ ጣቢያ ሞገድ አይደለም።

ይሁን እንጂ ጉብጠት በሁሉም ቦታ አይወደድም። በበዓል ቀን ድምፅ ማጉያው ከዐቅሙ በላይ ሲከፈት መሣሪያው ይጐብጣል፤ 300 እና 400 የነበሩት የዘፋኝ ድምፆች ያልተዘፈኑ 100 እና 700 ይወልዳሉ፤ ጆሯችንም ይህን መሻከር ይለዋል። ያው ጉብጠት በድምፅ ማጉያ ውስጥ ጥፋት፣ በሚክሰር ውስጥ ግን አገልጋይ ነው። ዛሬ በኪሳችን የምንይዘው ስልክም ሲልክና ሲቀበል ይህንኑ የማባዛት ሥራ ይሠራል።

ስለዚህ ጓደኞቼ ሆይ፤ በሥዕል ላይ ያለችውን ሣጥን ስሟን ብቻ ይዘን አንለፋት። 2ን እና 3ን ወስደን፣ ለየብቻ ከዚያም አብረን፣ በራሳቸው እናባዛቸው፤ ትርፉን 12 በእጃችን ያገኘን ቀን ራዲዮ ለምን እንደሚናገር ለታናናሾቻችን ማስረዳት እንችላለን።